የአምለሰት አምስት ደቂቃ

ስሙ ይታገሱ ይባል እንጂ ትዕግሥት የሚሉት ነገር በአጠገቡ ያለፈ አይመስልም። በዚያ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ ብሶበት ነበር። ገና ተማሪ ሳይገባ ትምህርት ቤቱ ግቢ ደርሶ፣ ከባንዲራው ምሰሶ እስከ ውኃው ቧንቧ፣ ከቧንቧው ተመልሶ እስከ ባንዲራው ምሰሶ ሲንቆራጠጥ፣ የጥበቃው ሽማግሌ ሲያዩት ቆዩና፣ "ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ? ላፋልግህ?" አሉት። "ኧረ ምንም አልጠፋብኝም፣ አባባ" አላቸው። እንቅልፍ ካጣ ሦስተኛ ቀኑ መሆኑን ለሳቸው ምን ብሎ ይንገራቸው።

ይታገሱ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሶ፣ ለአንድ ወር የማስተማር ልምምድ ከቡሬ ወጣ ብላ ወደምትገኝ ትንሽ ከተማ ተመድቧል። የሚያስተምረው አማርኛ ነው፣ ለዘጠነኛ ክፍሎች። ዘጠነኛ ይባሉ እንጂ ገሚሶቹ እንደ ዕድሜያቸው ቢሆን ዘንድሮ አሥራ አንደኛን የሚጨርሱ ናቸው። በተኩሱ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የተከፈተው ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሲከፈት ከዴስኮቹ እኩሌታው የሉም። ማን እንዳነደዳቸው የሚጠይቅም የለም። ሰማንያ ሦስት ልጅ በአንድ ክፍል፣ መጽሐፍ ለአምስት አንድ፣ ጠመኔ ደግሞ ከርዕሰ መምህሩ መሳቢያ በቁጥር የሚወጣ። ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ከትንሽ ልጅ ጎን ተጣብቆ ስለ ዘይቤ ይማራል።

በዚህ ላይ የቡድን ሥራ የሚሉት ጉድ አለ። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው ይመደባሉ። ጎበዙ ይሠራል፣ ጎበዙ ይናገራል፣ አራቱ ከኋላው ተደርድረው ይቆማሉ፣ ውጤቱን አምስቱም እኩል ይወስዳሉ። ይህ ሪፖርት ላይ ሲጻፍ "አሳታፊ የማስተማር ዘዴ" ይባላል። ይታገሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን አይቶ ደሙ ፈላ። "ከእንግዲህ ተናጋሪው በዕጣ ነው የሚወጣው" ብሎ አወጀ። "ያያችሁትን አንድ ፊልም በአምስት ደቂቃ ትተርካላችሁ። የፍቅርም ይሁን የቀልድ፣ የፈለጋችሁትን።" የሰጣቸው መስሎት የነበረው ነፃነት ነው። ዝርዝሩ ሲመለስለት ከአሥራ ስድስቱ ቡድን አሥራ ሦስቱ የጦር ፊልም መርጠው አገኛቸው።

መፍረድ አልቻለም። እሱስ ቢሆን ምን ሲያይ ነው ያደገው? ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤቱ በተቀመጠበት ጊዜ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር በጠፋበት፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ያለችው ቪዲዮ ቤት ነበረች መዋያው። በአማርኛ የሚተረክ የጦር ፊልም ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት ሁለት። ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እያየ ቆሎ ይቆረጥማል። ውጭ ተኩስ ሲሰማ ባለቤቱ ድምፁን ይቀንሰዋል፤ ውጭ ሲበርድ መልሶ ይጨምረዋል። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለውም ነበር። አሁን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያያቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ እያስታወሰ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ የሟችን መርዶ ለእናቱ የሚነግር ሰው። ቢበዛ ኮፍያውን ያወለቀ መኮንን በር ያንኳኳል፣ ሴትዮዋ አፏን ትይዛለች፣ ሙዚቃ ይገባል፣ አለቀ። እዚህ አገር እንደዚያ አይደለም። ይህን እንዲያስብ ያደረገው ሰኞ ዕለት የሰማው ነገር ነው።

ሰኞ ዕለት የክፍሉ ኃላፊ መምህር ገብረሰንበት፣ የሱንም ልምምድ የሚከታተሉት፣ እጁን ይዘው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰዱት። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ጋቢያቸውን ከኮታቸው ላይ ደርበው ክፍል የሚገቡ ሰው ናቸው።

"ስማኝማ፣ ወንድሜ። ያቺ ከመስኮቱ ሥር የምትቀመጠዋን አምለሰትን ታውቃታለህ?"

"አውቃታለሁ። አትናገርም እንጂ ጎበዝ ናት።"

"ያረጋል የሚባል ወንድም ነበራት። በርበሬ ጭኖ ወደ ዱርቤቴ ሲያቀና መንገድ ላይ ተኩስ መሀል ገባ። ከሞተ ወሩ ነው። እዚያው ቤተ ክርስቲያን በፍትሐት የቀበሩት ሰዎች ለደብሩ ቄስ ላኩ፣ አገሩ በሙሉ ሰምቷል። ያልሰሙት እናቲቱና እሷ ናቸው።"

"ወር ሙሉ? ምነው አይነገራቸውም?"

"የእናቲቱ፣ የወይዘሮ ታንጉት፣ ጤፍ አውድማ ላይ ነዋ!" አሉ መምህሩ፣ ይህን አለማወቁ ገርሟቸው። "ባል የሌላት ሴት ናት። መርዶ ከሰማች ተነስታ እህል ትሰበስባለች? እህሏ ይግባላት ተብሎ ነው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹ ከቄሱ ጋር ሆነው ይሄዳሉ። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል። ልጆቹም ሁሉም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አልተናገሩ።"

"ጋሼ፣ እኔኮ ሐሙስ የጦር ፊልም ነው የማስተርካቸው። የሷም ቡድን አለበት።"

"ምነው፣ ሌላ ነገር ጠፍቶ?"

"ፊልም አልኩ እንጂ የጦር አላልኩም!"

ርዕሱን ይቀይረው ቢባል፣ ዕቅዱ ተፈርሞበት ለዩኒቨርሲቲው ተልኳል፣ ተቆጣጣሪዋም ሐሙስ ነው የምትመጣው። የሷን ቡድን ይዝለለው ቢባል፣ ለምን ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። በመጨረሻ መምህር ገብረሰንበት፣ "ዕጣው በእጅህ አይደል? የሷን ስም አትጨምረው። ከቡድኗ ሀብተሚካኤል ይናገር፤ እሱ አፍ አያንሰው" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ። ይታገሱም ሐሙስ ጠዋት አራት ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አራቱም ላይ የተጻፈው "ሀብተሚካኤል" ነበር። መምህር ከመሆኑ በፊት ማጭበርበር ጀመረ ማለት ነው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተቆጣጣሪዋ መምህርት ዮርዳኖስ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠች። ጠዋት ከቡሬ በባጃጅ ስትመጣ ልብሷ አቧራ ጠጥቷል። ቅጿን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ "ቀጥል፣ እኔ እንደሌለሁ ቁጠረኝ" አለችው። ሰው እንደሌለ ይቆጠራል?

የመጀመሪያው ቡድን ልጅ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ፣ በአፉ እየተኮሰ አንድ ሰው ብቻውን ከተማ የሚያስለቅቅበትን ፊልም ተረከ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሁለተኛው ላይ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይሄ ፊልም ውሸት ነው። ጥይት ሲመጣብህ አይጮህም። የሚጮኸው ካለፈህ በኋላ ነው።" ሌላው ቀጠለ፣ "ደሞ ብሬን መትረየስ እንደዚያ ኪኪኪ አይልም፣ ከበድ ይላል።" ሦስተኛዋ ልጅ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት፣ የቱ ከየት ርቀት እንዴት እንደሚሰማ አብራራች፤ ሁሉም ልክ ናት አሉ። ይታገሱ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ሰማቸው። ስለ ዘይቤ ባለፈው ሳምንት ሲጠይቃቸው ሦስት እጅ ነበር የወጣው። አሁን ክፍሉ ሁሉ ምሁር ሆኖ ቁጭ አለ። ንዴት ይሁን ኀዘን እሱም አላወቀውም፤ ብቻ የያዘውን ጠመኔ ሰበረው።

አይኑ ግን ከመስኮቱ ሥር አልተነቀለም። አምለሰት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሁለት እጇን ደብተሯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አትስቅም፣ አትከፋም። ከጎኗ ያሉት ልጆች ትንሽ ራቅ ብለው ቦታ ለቀውላታል። በሰማንያ ሦስት ልጅ ክፍል ውስጥ እንደሷ በሰፊው የተቀመጠ የለም።

የቡድኗ ተራ ደረሰ። ይታገሱ ወረቀቶቹን ከኪሱ አውጥቶ እጁ ላይ ዘረገፈ። ላቡ ወረቀቱን አረጠበው። አንዱን አነሳና ሳይከፍተው፣ "ሀብተሚካኤል" አለ።

ሀብተሚካኤል ብድግ አለ። አምለሰትም ብድግ አለች። "ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ላቅርበው። ሀብተሚካኤል ያዘጋጀው ሌላ ነው። እኔ ያየሁት አለ።"

ይታገሱ "ዕጣው ግን…" ብሎ ጀመረ፤ ከኋላ ተቆጣጣሪዋ ፈገግ ብላ፣ "ልጅቷ ራሷ ከፈለገች ምን ችግር አለው? ይህማ ጥሩ ነው!" አለች። ሀብተሚካኤል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አምለሰት ወጥታ ቆመች።

"የፊልሙን ስም አላውቀውም" ብላ ጀመረች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ይሰማል። "ጦር አለበት፤ ጦሩ ግን አይታይም። ጠመንጃ የያዘ ሰውም አይታይም። የሚታዩት አንዲት እናትና ጎረቤቶቿ ናቸው። ሴትየዋ ልጇ ለንግድ ወጥቷል፣ አልተመለሰም። መንገድ ተዘግቶበት ነው ትላለች። ጎረቤቶቿም አዎ፣ መንገድ ተዘግቶበት ነው ይሏታል።"

አንድ እግሯን በሌላው ላይ አሳረፈች፤ መልሳ አወረደችው።

"ከዚያ ጎረቤቶቿ ደግ ይሆናሉ። በእርሻ ድንበር ምክንያት ሦስት ዓመት ያላናገረቻት ሴት ሳትጠራ መጥታ ጤፏን ታበጥርላታለች። በሬ አውሱኝ ስትል እንቢ ይሏት የነበሩት በሬያቸውን ነድተው ይመጣሉ። እንስራዋን ከጀርባዋ ይቀበሏታል። ሴት ልጇ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ወረፋ የያዙት ሁሉ 'አንቺ ቅደሚ' ይሏታል። ወሬያቸውንም ያቆማሉ። ቄሱ ድሮ 'ልጅሽ እንዴት ነው?' እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ አሁን አይጠይቁም፤ መስቀል ሲያሳልሟት ቶሎ ያልፋሉ። እናትየዋ ግን ደስ ብሏታል። 'ዘንድሮ ሰዉ ምን ነካው? እንዴት ያለ ፍቅር ነው!' ትላለች። ልጇ ሲመጣ የምትነግረው ይሄንን ነው።"

አንዲት ልጅ ከመሀል ረድፍ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። ይታገሱ ሰዓቱን ያየ መሰለ እንጂ ሰዓቱን አላየም።

"እስከዚህ ነው ያየሁት" አለች አምለሰት።

"በጣም ግሩም ነው!" አለች መምህርት ዮርዳኖስ ከኋላ፣ ምንም የማታውቀው። "ግን መጨረሻውስ? ልጁ ይመጣል ወይስ ምን ሆነ? ያለ መጨረሻ ልትተይን ነው?"

አምለሰት ወደ ይታገሱ ዞረች። "ቲቸር ብዙ ፊልም ያያሉ። እሳቸው ይንገሩኝ።"

ሰማንያ ሁለት ልጅ አንገቱን ደፋ። በመጀመሪያው ቀን እዚችው ቦታ ላይ ቆሞ "ከኔ ጋር ስትሆኑ የማይጠየቅ ጥያቄ የለም፣ የማልመልሰውም የለም" ብሎ ነበር። ጉራ! የመምህር ገብረሰንበት ቃል አለበት፣ የሽማግሎቹ ቅዳሜ አለበት፣ አውድማው ላይ ያለው ጤፍ አለበት፣ ያቺ ከኋላ ቅጽ ይዛ የምትጠብቀው ሴት አለችበት። የልጅቷ ዓይን ደግሞ ፊቱ ላይ አርፏል።

"ፊልሙ… ገና አላለቀም" አለ። "ክፍል ሁለት ይኖረዋል። ልጁም ይመጣ ይሆናል።"

አምለሰት ትንሽ አየችው። "እሺ፣ ቲቸር" አለችና ወደ ቦታዋ ሄደች።

"አጨብጭቡላት" አለ፣ የሚለው ቢጠፋው። ልጆቹም አጨበጨቡ፤ እጃቸው ሳይገናኝ የቀረ እስኪመስል። ይታገሱ ዘጠኝ ከአሥር ጻፈላት።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተቆጣጣሪዋ ውጭ አቁማ አመሰገነችው። የተማሪ ተሳትፎ በጣም ጥሩ፣ ሰዓት አጠቃቀም ጥሩ፣ የመስኮቷ ልጅ የፈጠራ ችሎታዋ ሊበረታታ ይገባል። ፈረመችለት፣ ባጃጇ እየጠበቃት ስለነበር ቸኩላ ሄደች። ሦስት ቀን የፈራው ነገር ሁሉ አልፎ ነበር። ምስጢሩ አልወጣም፣ ልምምዱንም አልፏል። ታዲያ ለምን አልቀለለውም? የረሳውን ደብተር ሊያነሳ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። እረፍት ነበርና ልጆቹ ሜዳ ወጥተዋል። አምለሰት ብቻ ቆማለች።

"ለምን ዋሹኝ፣ ቲቸር?" አለችው።

ይታገሱ ደብተሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። "ምኑን?"

"ያረጋልን።"

ስሙን ስትጠራው ዴስክ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "መቼ አወቅሽ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያቺ በድንበር የተጣላችን ሴትዮ ልታበጥር የመጣች ቀን ነው። እሷ ዝም ብላ አትመጣም።" ነጠላዋን ጠቀለለችው፣ ፈታችው። "ማንንም አልጠየቅኩም። ከጠየቅኩ እናቴ ትሰማለች። ጤፉ ደግሞ ገና ነው።"

"ታዲያ ዛሬ ምነው?"

"ቅዳሜ ነው የሚነግሯት፤ ያንንም አውቃለሁ። ትናንት ጎረቤቶቻችን ጓሯችንን ጠራርገው ድንኳን የሚተከልበትን ሲለኩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለበግ ማሰሪያ ነው አሏት። ቅዳሜ ሲነገራት መሬት ላይ ስትወድቅ የምይዛት እኔ ነኝ። ሌላ ማን አላት? ያን ጊዜ እኔ ማልቀሻ የለኝም።" ድምጿ አልተሰበረም፤ ፍጥነቱ ብቻ ጨመረ። "ዛሬ ላልቅስ ብል ደግሞ አልተረዳሁም። መርዶ ያልተነገረለትን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። ምናልባት በሕይወት ቢኖርስ? ምናልባት እኔ ተሳስቼ ቢሆንስ? በእንባዬ ብገድለውስ እያልኩ ነው የማድረው። አንድ ሰው ሞቷል ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ትልልቆቹ አይሉኝም። ልጆቹም አይሉኝም፣ ወላጆቻቸው አስጠንቅቀዋቸዋል። እርስዎ ግን ያገራችን ሰው አይደሉም። ቲቸር ነዎት። የጠየቅነውን እመልሳለሁ ብለውናል።"

ይታገሱ ተነሳ። በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው። ጥምጥም ያሰረ ቄስ፣ ብዙ ሰው የቀበረ አዛውንት ነው በዚህ የሚገባው፤ እሱ ማን ነው? ገና ያልተመረቀ፣ ሚስት የሌለው፣ ትናንት ከቪዲዮ ቤት የወጣ ጎረምሳ። ነገ መምህር ገብረሰንበት ቢሰሙ ዓይኑን አያዩትም። ቢነግራትና ልጅቷ ሳትችለው እየጮኸች ወደ ቤቷ ብትሮጥስ? ሴትዮዋ ከአውድማው መሀል ብትሰማስ? ይህን ሁሉ አሰበ። ከዚያ ልጅቷን አያት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውኃ ቀድታ፣ ጤፍ አበራይታ፣ ከእናቷ ጋር ራት በልታ፣ ጠዋት ተነስታ ስለ ዘይቤ ልትማር መጥታለች። ፊት ለፊቱ ቆማ ከሱ የምትፈልገው ሁለት ቃል ነው። በሕይወቱ እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም።

በሩን ዘጋው። ተመልሶ ከፊቷ ቆመና፣ ሽማግሎች ሲያደርጉ እንዳየው እጆቹን ከፊቱ አጣመረ።

"አምለሰት" አለ። "ወንድምሽ ያረጋል ሞቷል።"

አልጮኸችም። እንደቆመች፣ "ተቀብሯል?" አለችው።

"ተቀብሯል። ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው። በቄስ ተፈትቶ።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ እንደ መቀመጥም እንደ መውደቅም ብላ መሬት ላይ ሆነች፤ ነጠላዋን ጥቅልል አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተችና አለቀሰች። ድምፅ አልነበረውም። ትከሻዋ ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እጇ ደረቷን ይመታል፣ ቀስ ብሎ፣ ውጭ እንዳይሰማ። ይታገሱ ምን እንደሚደረግ አላወቀም። ሊያነሳት ጎንበስ አለ፣ ተወ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አለ፤ የሱም ጉንጭ እንደረጠበ ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው።

ደወል ተደወለ። ልጆቹ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ እየተሯሯጡ መጥተው በሩን ገፉት። ይታገሱ ሮጦ ትከሻውን በሩ ላይ ጣለ። "ትንሽ ቆዩ!" አለ፤ ድምፁ የሱ አልመሰለውም። ከውጭ የሀብተሚካኤል ድምፅ፣ "ቲቸር፣ አምለሰት አለች እዚያ?" ሲል ሰማ። በሩን አጥብቆ ያዘው። ውጭ ሹክሹክታ ሆነ፣ ከዚያ ሹክሹክታውም ቆመ።

ብዙ ቆየ። ጫጫታው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋበት ጊዜ፣ ሄደዋል ብሎ በበሩ ስንጥቅ አየ። አልሄዱም። ሰማንያ ሁለቱም ከክፍሉ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ማንም ከማንም ጋር ሳያወራ። ከአጠገባቸው ያለፈ መምህር "ምንድን ነው? ለምን አትገቡም?" ቢላቸው ሀብተሚካኤል ተነሳና፣ "ለቅሶ ላይ ነን፣ ቲቸር" አለው፤ ተመልሶም ተቀመጠ።